በእኔ ቃል የመጣው ሰው

ክቡራትና ክቡራን፣ ከየቢሮው የመጣችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከቡሬና ከየቀበሌው መንገድ አቋርጣችሁ ፍኖተ ሰላም ድረስ የደከማችሁልኝ አባቶችና እናቶች፤ እንዴት ዋላችሁ?

ይህን አዳራሽ አስጊጣችሁ፣ በሬ ጥላችሁ፣ ካባ አልብሳችሁ ላቆማችሁኝ ሁሉ ምስጋናዬ ከልቤ ነው። ይልቁንም የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ሠርክአዲስ ሳምንቱን ሙሉ ስትሮጥ ከርማ፣ ዛሬ ድምፅዋ ተዘግቶ በእጅ ምልክት ነው የምታስተናግደን። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እህቴ።

ከኋላዬ የተሰቀለውን ባነር አይታችሁታል? «ኮሎኔል ያረጋል» ይላል። ሠራዊቱ እኮ ሻለቃ አድርጎ ነው ያሰናበተኝ። መንግሥት በስንት ዓመት አገልግሎት ያልሰጠኝን ማዕረግ ባነር ጻፊው በአንድ ከሰዓት በኋላ ደረበልኝ። ባለቤቴ ፍሬሕይወት ስታየው ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ጡረታህስ በዚሁ ይስተካከላል?»

ሳቁ፣ ሳቁ። ጥቂት ቆይታችሁ የምትስቁ አይመስለኝም።

ሠርክአዲስ ንግግርም ጽፋልኝ ነበር። አንብቤዋለሁ፤ ያማረ ነው። «በቆይታዬ ያገኘሁት ፍቅር ከቃላት በላይ ነው» ይላል። ኪሴ ውስጥ ነው ያለው፤ እዚያው ይቆይ። እኔ የማወራችሁ ስለ አንድ ቀን ነው። አብዛኞቻችሁ ቀኑን ታውቁታላችሁ። ግን በሻይ ሰዓት ተንሾካሾክንበት እንጂ በስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ ያነሣው የለም። ትታገሡኛላችሁ?

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ፤ የተወለድሁት ከቡሬ ወጣ ብሎ ገጠር ነው፤ የገበሬ ልጅ ነኝ። ወጣት ሆኜ ሠራዊት ገባሁ፣ ጠጉሬ ሸብቶ ወጣሁ። በመካከሉ ያለው ዕድሜዬ ምሽግና ካምፕ ነው። በሰሜን ግንባር ቆስያለሁ።

ቁስሉ ላይ ትንሽ ልቁም። ጭኔን ተመትቼ ከምሽጉ ፊት ወድቄ ነበር። ጥይት ይዘንባል። ጓዶቼ «አለቀለት» ብለው ትተውኛል። አንድ አምሳ አለቃ ግን በደረቱ እየተሳበ መጥቶ በጀርባው አዘለኝ። «ተወኝ፣ አንተም ትሞታለህ» ስለው፣ «ዝም ይበሉ መቶ አለቃ፣ ሲናገሩ ይከብዳሉ» አለኝ። ያ አምሳ አለቃ ምክትሌ ነው። ከነገ ጀምሮ ደግሞ ወንበሬ ላይ ይቀመጣል። አቶ ስመኘው፤ ይኸው ከፊት ተቀምጧል። አጨብጭቡለት፣ የምሬን ነው። ያን ቀን እሱ ባይኖር ዛሬ ለዚህ ካባ የሚሆን ትከሻ አይኖረኝም ነበር።

ከሠራዊቱ ተሰናብቼ ስመለስ ወረዳውን እንዳስተዳድር ተጠየቅሁ። እኔ ስለ ቢሮ ምን አውቃለሁ? በመጀመሪያው ስብሰባ «ተነሥ!» ብዬ ሁላችሁንም አስነሥቻችሁ የለም? የግብርና ኃላፊያችን እስከ ዛሬ ድረስ ስገባ ብድግ ይላል። ስመኘው ከእኔ ቀድሞ ከሠራዊት ወጥቶ፣ ተምሮ፣ የቢሮውን ነገር ለምዶ ነበርና ምክትሌ እንዲሆን ለመንሁት። ሰው ነፍሱን ባተረፈለት ሰው ካልተማመነ በማን ይተማመናል?

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ጉላ ሚካኤልን ታውቁታላችሁ፤ ከቀበሌዎቻችን ሁሉ ወደ ዓባይ ቆላ የቀረበው ነው። እዚያ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ቢሆነኝና ላቀው። አንድ በጋ ድንች በሚያጠጡበት በመስኖው ውሃ ተጣሉ። አንዱ «ተራዬ ነው» ሲል፣ ሌላው «አልጨረስሁም» ሲል፣ ዱላ ተማዘዙ። ላቀው ወደቀ፤ አልተነሣም። ቢሆነኝ ያደረገውን ሲያይ ዱላውን ጥሎ ወደ ቆላ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ያ ቀበሌ ቀበሌ አልነበረም። የላቀው ወንድሞች የቢሆነኝ ወገን እርሻ እንዳይገባ ከለከሉ። የቢሆነኝ ወገን መሣሪያ ገዛ። ቡሬ ገበያ የሚወጣ ሰው በርበሬውን በአህያ ጭኖ ጠብመንጃውን በትከሻው ይዞ ነበር የሚወጣው። ያማረ መሬት ጦሙን አደረ። የላቀው እናት እመት አስካለ ማርያም ከል ለብሰው ከቤት ሳይወጡ ዓመታት አለፉ።

አንድ ቀን የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ገብረ ኢየሱስ ቢሮዬ መጡ። ወንበር ስሰጣቸው አልተቀመጡም።

«ሻለቃ፣ ወጣት መቅበር ሰለቸኝ» አሉኝ።

ሽምግልናውን በዚያ ቃል ጀመርን። ከፋሲካ እስከ ኅዳር ተመላለስን። እመት አስካለ መጀመሪያ በራቸውን አልከፈቱልንም። ቀጥሎ ከፈቱልንና ዝም አሉን። ክረምቱን ሙሉ በዝናብ እየበሰበስን ሄደን፣ እሳት ዳር ተቀምጠን፣ ልብሳችን ሲደርቅ እንመለስ ነበር። መስከረም ላይ ነው የተናገሩት።

«የቢሆነኝ ልጆች በደጄ ሲያልፉ አንገታቸውን ደፍተው ነው» አሉ። «ላቀው እነዚያን ልጆች ይወዳቸው ነበር። በእርሱ ሞት አንገታቸውን እንዲደፉ አይፈልግም። ደግሞም ሌሎቹን ልጆቼን ልቀብር አልፈልግም። ሰውዬው ይምጣና ዐይኑን ልየው። ይቅር የምለው ዐይኑን ካየሁ በኋላ ነው።»

አባም የላቀውን ወንድሞች ሰብስበው፣ ዕርቁ እስኪፈጸም ቢሆነኝን እንዳይነኩት ገዘቱ። ወንድሞቹ እያለቀሱ መስቀሉን ተሳልመው ግዝቱን ተቀበሉ።

የቀረው ቢሆነኝ ራሱ ነው። እኔና አባ ቆላ ወረድን፤ አባ በበቅሎ፣ እኔ በዚህ በተበሳ ጭኔ። አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ጠበቀን። ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዷል፣ ወባ አክስቶታል። ውሉን ነገርሁት።

«በኅዳር ሚካኤል ትመጣለህ። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እናቲቱ እግር ላይ ትወድቃለህ፤ ዕርቁ ይፈጸማል። በማግስቱ እኔ ራሴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት አደርስሃለሁ። ሕጉ አይቀርልህም። የምትገባው ግን ማንም ሳይጎትትህ፣ በእግርህ ሄደህ ነው።»

«ከገባሁ የምወጣ ይመስልዎታል?» አለኝ።

«ትታሰራለህ፤ ደግሞ ትወጣለህ። ልጆችህም ቀና ብለው ይሄዳሉ።»

ልጆቹን ሳነሣበት ፊቱን አዞረ። ከዚያ «ሻለቃ፣ በመንግሥት ቃል አልመጣም» አለ። «በርስዎ ቃል ከሆነ ግን እመጣለሁ።»

«በእኔ ቃል ና» አልሁት።

ከቆላ ስወጣ ይህን ለማን ነገርሁ? ለስመኘው። ቀኑን፣ የሚመጣበትን መንገድ፣ መሣሪያ እንደማይዝ፣ ሁሉንም። አቅፎ ሳመኝ። «ይኼን ሁሉ ዓመት ጠብመንጃ ያላመጣውን ሰው በአፍዎ አመጡት» አለኝ። ደስ አለኝ። ያን ዕለት ቤቴ ስገባ ፉጨት አፏጭቻለሁ፤ ፍሬሕይወት ምስክሬ ናት።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ታቦቱ ገብቷል፤ ሕዝቡ ግን አልተበተነም። ዕርቁን ሊያይ ከሌላ ደብር ሳይቀር መጥቷል። ቢሆነኝ በቆላው መንገድ ብቻውን ብቅ አለ። በእጁ በትር እንኳ የለም። ወጥቼ ተቀበልሁት፣ አቀፍሁት። ስመኘው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣን። «ለታሪክ ነው» አለ።

እንደ ደንቡ ቢሆነኝ ድንጋይ ጫንቃው ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ እናቲቱ መራመድ ጀመረ። እመት አስካለ ከተቀመጡበት ተነሡ። የላቀው ወንድሞች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል።

ጥቂት ሲቀረው ጋቢ ለብሰው ከምእመናኑ ጋር የተቀመጡ ሰዎች ብድግ አሉ። ከጋቢው ሥር መሣሪያ ወጣ። የራሳችን ሚሊሻዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውን በስማቸው አውቃቸዋለሁ።

«ቁም!» አልሁ።

ቆሙ። እውነቱን ልናገር፣ ቆመው ነበር። ያኔ ከጀርባዬ አንድ ድምፅ «ቀጥሉ፣ ትእዛዝ ነው» አለ። ዞሬ ማየት አላስፈለገኝም። ያንን ድምፅ ከምሽግ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ቢሆነኝን ድንጋዩን እንደተሸከመ ነው የያዙት። አልታገለም። ወደ እኔ ዞሮ «ሻለቃ!» ብሎ ጠራኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለራሱ እንደሚያወራ፣ «ሻለቃ…» አለ። ማዕረጌን ሰምቼ እንደዚያ ቀን ያፈርሁበት ጊዜ የለም።

የላቀው ወንድሞች እጃቸውን እንዳጣመሩ ናቸው። አስተውሉልኝ፤ ወንድማቸው የሞተባቸው ሰዎች ግዝቱን ጠበቁ። ማኅተም ያለን እኛ አፈረስነው።

እመት አስካለ ወደ እኔ መጡ።

«በእኔ እንባ ነው ያጠመዳችሁት?» አሉኝ። «ልጄ ሲሞት ሳለቅስ ወዴት ነበራችሁ? ይቅር ልል ስነሣ መጣችሁ?»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?

ስመኘውን መኪናው አጠገብ ደረስሁበት።

«ምንድን ነው ያደረግኸው?»

«ሻለቃ፣ ግምገማ ደርሷል። ወረዳችን በሕግ ማስከበር ጭራ ላይ ነው ያለው። ተፈላጊ ሰው በእጃችን ሲገባ ቆመን እንይ?»

«ነገ በገዛ እግሩ ሊገባ ነበር እኮ!»

«ነገ ከሆነ የርስዎና የሽማግሌዎቹ ሥራ ነው የሚባለው። ዛሬ ሲሆን የአመራሩ ሥራ ነው።»

«ቃል ሰጥቼዋለሁ፣ ስመኘው።»

«ቃል ጦር ሜዳ ቀረ ጌታዬ። ይኼ ቢሮ ነው።»

ተቀመጥ፣ ስመኘው። አልጨረስሁም። ያልኸውን አዛብቼ ከሆነ ማይክራፎኑ ይኸው፤ ና አርመኝ። … የለም? እሺ።

ሠርክአዲስም ሰዓቱን እንደምታሳይኝ አይቻለሁ። ታገሺኝ። በዚህ ቤት ስንት ጊዜ የማንንም ረጅም ሪፖርት ስሰማ ውያለሁ፤ ዛሬ አንድ ጊዜ ስሙኝ።

በማግስቱ ጠዋት አባ ገብረ ኢየሱስ ቤት ሄድሁ። ውጭ ቆመው አናገሩኝ። «ሻለቃ፣ ከእንግዲህ ገዝቻለሁ ስል ማን ይሰማኛል?» አሉና ገቡ። ቢሆነኝን ልጠይቅ ሄድሁ፤ «አይምጣብኝ» ብሎ ላከብኝ። ቤቴ ስመለስ ፍሬሕይወት ስልኳን ይዛ ጠበቀችኝ። ያ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ወጥቷል። እኔና ቢሆነኝ ተቃቅፈን ቆመናል። ከሥሩ «በአመራሩ ብልህ ስልት ለዓመታት ሲፈለግ የነበረ ወንጀለኛ በቁጥጥር ሥር ዋለ» ይላል። ስልቱ እንግዲህ እኔ ነኝ፤ እቅፌ ነው።

«ያቀፍኸው ልታሲዘው ነው?» አለችኝ ሚስቴ።

እውነት መስሏት አይደለም የጠየቀችኝ። ግን ጠየቀችኝ። ያን ጥያቄ እስካሁን በጆሮዬ ይዤው አለሁ።

ቀጥሎ እናንተ ናችሁ።

አንድ በአንድ ቢሮዬ መጣችሁ። በሩን ዘጋችሁ። «ነውር ነው የተሠራው» አላችሁኝ። «ከጎንዎ ነን» አላችሁኝ። እንባ ያወጣችሁም አላችሁ፤ ስም አልጠራም። ግምገማው ዕለት ተነሣሁና «ይህ ነገር በስሜ መወራቱ ይቅር፤ ወረዳው ወጥቶ እመት አስካለንና ሽማግሌዎቹን ይቅርታ ይጠይቅ» ብዬ ሐሳብ አቀረብሁ። «የሚደግፍ?» ተባለ። አዳራሹን አየሁት። አንዱ ጣሪያ ያያል። አንዱ እስክሪብቶውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አንዱ ያልጮኸ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ወጣ። የተነሣው እጅ የእኔ ብቻ ነበር።

ከዚያ ምን ሆነ? ወረዳው በዚያው ሥራ ተመሰገነ። ለእኔም በዚያው ሥራ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። እናንተም አጨበጨባችሁልኝ። ደግሞ ሲያምርባችሁ! አንድ ላይ ጀምራችሁ አንድ ላይ አቆማችሁ። ሠራዊት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰልፍ ለማስተካከል ወራት ይፈጅብኝ ነበር።

ስመኘው ላይ የተናደድሁትን ያህል በእናንተ አልተናደድሁም። በእናንተ አዘንሁ። እሱ የሚፈልገውን ያውቅ ነበር። እናንተ ግን ምን ፈልጋችሁ ነበር? ስፈልግ ስፈልግ ቆይቼ መልሱን አላገኘሁትም። ምሽግ ውስጥ ሳለሁ ጀርባዬን የምሰጠው ወገን አለ ብዬ ነው። እናንተ ዘንድ ስመጣም ያንኑ አደረግሁ።

ቢሆነኝ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ለመከላከያ ምስክርነት ተጠራሁ። ተጠራሁ ስል፣ ጥራኝ ብዬ ጠበቃውን የለመንሁት እኔ ነኝ። ስመኘው ደውሎ «ወንበርዎን ያስቡ» አለኝ። አሰብሁት። ወንበሩ የሚሽከረከር ነው፤ አንድ እግሩ የላላ ነው። ሄድሁ።

ዳኛው «ተከሳሹ የተያዘው እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አልተያዘም» አልሁ። «በእኔ ቃል አምኖ እጁን ለሕግ ሊሰጥ መጥቶ ነው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የነጠቅነው።»

ፍርድ ቤቱ ይህን በቅጣት ማቅለያነት ያዘለት። የተፈረደበትም ሁላችንም ከፈራነው ያነሰ ሆነ። ቢሆነኝ በፖሊሶች መካከል ሲወጣ አንገቱን ጎንበስ አደረገልኝ። ሰላምታ ይሁን ስንብት አላወቅሁም።

የእኔም ቅጣት ወዲያው መጣ። «ሻለቃ ደክሟል፣ ይረፍ» ተባለ። ይህን ማን እንደነገረኝ ታውቃላችሁ? የባጃጅ ሹፌር። ከገበያ ተሳፍሬ ስሄድ «አባት፣ ለወረዳው አዲስ አስተዳዳሪ ተሾመለት ይላሉ፤ የድሮውን ያውቁታል?» አለኝ።

«በዝና» አልሁት።

ለዚህ ነው እንግዲህ ዛሬ ካባ የለበስሁት።

ነገሩ ግን እዚያ አላለቀም። ባለፈው ሰሞን አባ ገብረ ኢየሱስ ደወሉልኝ። ከዚያች ጠዋት ወዲህ ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም። «እመት አስካለ ፍኖተ ሰላም ይመጣሉ። ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ይገኙ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ሄድሁ። የጠያቂ ቀን ነበር። በሩ በባጃጅና በጋሪ ተጨናንቋል፣ ስንቅ የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። ከአንድ ጋሪ ላይ እመት አስካለ ወረዱ። ከዚያው ጋሪ፣ ከጎናቸው ማን ወረደ? የቢሆነኝ ሚስት። የላቀው ወንድሞችና አባ በሌላ ጋሪ ተከትለው ደረሱ። እመት አስካለ በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ታቅፈዋል።

ልከተላቸው ስል እመት አስካለ መዳፋቸውን ደረቴ ላይ አድርገው አቆሙኝ።

«እርስዎ ውጭ ይቆዩ። ዛሬ መንግሥት አይገባም።»

«እናቴ፣ እኔ እኮ ከመንግሥት ወጥቻለሁ።»

«ሽታው ገና አልለቀቀዎትም» አሉኝ።

ግድ የለም፣ ሳቁ። እኔም በኋላ ስቄአለሁ። ያን ሰዓት ግን አልሳቅሁም። ግንቡን ተደግፌ ቆምሁ። ያን ሁሉ ክረምት በዝናብ የተመላለስሁበት ዕርቅ ከግንቡ ወዲያ እየተፈጸመ ነው። እኔ ከባጃጅ ሹፌሮች ጋር ከግንቡ ወዲህ ነኝ። ምንም አላየሁም። አንድ ጊዜ የወንድ ልቅሶ ሰማሁ፤ የቢሆነኝ ይሁን የላቀው ወንድሞች አላውቅም። ከዚያ አባ ሲባርኩ ሰማሁ። ብቻዬን «አሜን» አልሁ።

ሲወጡ ዳቦው የለም። እመት አስካለ የቢሆነኝን ሚስት ክንድ ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«ዐይኑን አየሁት» አሉ። «ያው የጎረቤቴ ልጅ ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ።

«ይመስገን። ግን አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ቀርቷል። ቢሆነኝ በደሉን በገዛ አፉ ተናገረ። እናንተ ግን በሚካኤል ደጅ፣ በሕዝብ ፊት አዋርዳችሁኝ፣ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ወጥቶ ነውር ሠርተናል ሲል አልሰማሁም።»

«እኔ እናገራለሁ።»

«የት?»

«ሊሸኙኝ ድግስ እየደገሱ ነው። ሁሉም ይገኛሉ። እዚያ እናገራለሁ።»

እኔ ቃል ስሰጥ መስማት እንደማያስደስታቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። «እስቲ እንሰማለን» አሉና ወደ ጋሪው ሄዱ።

ሠርክአዲስ፣ በሩ አጠገብ ከአባ ገብረ ኢየሱስ ጋር የተቀመጡት እናት ማን እንደሆኑ ስትጠያይቂ ነበር፤ በጥሪው ላይ ስማቸው የለም። የጠራኋቸው እኔ ነኝ። እመት አስካለ ማርያም ናቸው።

እናቴ፣ ይስሙኝ። እኔ ሻለቃ ያረጋል፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እናገራለሁ። የመራሁት ወረዳ በእንባዎ ሰው አጥምዷል። አባን በግዝታቸው፣ ልጆችዎን በትዕግሥታቸው አዋርዷል። ነውር ሠርተናል። ይቅር ይበሉን ብዬ አላስገድድዎትም። ሁላችንም እዚህ አለን፤ ዐይናችንን አይተው ይወስኑ።

ስመኘው፣ አንተን የምልህ አጭር ነው። ነፍሴን ከምሽግ ፊት አንሥተህ ሰጠኸኝ። ቃሌን ደግሞ ከሚካኤል ደጅ ወሰድኸው። አንዱ አንዱን አይሽረውም፤ ሁለቱንም ይዤ እሄዳለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ ብል ውሸት ነው፤ ጊዜ ስጠኝ። ግን የተበደሉት እዚያ ተቀምጠዋል፤ ከወንበርህ እስከዚያ በር ሩቅ አይደለም። ትሄድ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

እንግዲህ ልሰናበታችሁ።

አባቶቼና እናቶቼ፣ የዘራችሁት ይብቀል፤ ልጆቻችሁ ባዶ እጃቸውን ገበያ ሄደው ደኅና ይመለሱ። መስኖው ለሁሉም ይድረስ። ባልደረቦቼ፣ ለበላሁት እንጀራ፣ ለሳቅነው ሳቅ፣ ታምሜ ለጠየቃችሁኝ፣ ለሁሉም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክፉ አይንካችሁ። ትዳራችሁ ይባረክ።

ለወጣቶቹ ሠራተኞች ደግሞ ይህን እመኛለሁ። አንድ ቀን ቃል መስጠት ግድ ይሆንባችኋል። ያን ቀን ቃላችሁን የሚያምን ሰው ይስጣችሁ። ቃላችሁን አብሯችሁ የሚጠብቅ ባልደረባም ይስጣችሁ። እኔ የመጀመሪያውን አግኝቼ ነበር። ሁለተኛውን እናንተ አግኙት።

ደኅና ሁኑ።